ለትምህርት ቤት የሚሸጠው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳጥን፦ ደብረ ብርሃን ላይ በነጭ ሽንኩርት፣ በጦስኝና በዳማከሴ ሞክረነው

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበቡም በእኔ እጅ ነው። ዘንድሮ ልጆቹ «ቲቸር፣ ጤና አዳም እውነት ባክቴሪያ ይገላል?» እያሉ አላስቀምጥ ሲሉኝ፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት ብር አዋጥቶልን አዲስ አበባ ካለ አንድ የላብራቶሪ ዕቃ መደብር ለትምህርት ቤት የተዘጋጀ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳጥን ገዛን። ዋጋው የወር ደመወዜን ሲሶ ያህላል። ለእኛ ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ብር አይደለም። ስለዚህ ሌላ መምህር ያንን ብር ከማውጣቱ በፊት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን እንደጎደለ፣ ደጋ ላይ ሲሠሩበትም ምን እንደሚገጥም እንዲያውቅ ብዬ ነው የምጽፈው። ያመረተውንም የሸጠልኝንም ስም አላነሳም።

ሳጥኑ ውስጥ 20 የፕላስቲክ ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ክብ ዝርግ ሳህን)፣ በሁለት ጠርሙስ የተሞላ የተዘጋጀ አጋር (ባክቴሪያው የሚበቅልበት የረጋ ምግብ)፣ በየራሳቸው የታሸጉ 20 ስዋቦች (ጫፋቸው ጥጥ የሆነ መጥረጊያዎች)፣ 10 የፕላስቲክ ሉፖች (ባክቴሪያ መጫሪያዎች)፣ አንድ መቆንጠጫ፣ በትንሽ ብልቃጥ ቴትራሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለባቸው 10 ክብ የወረቀት ዲስኮችና ስምንት ገጽ መመሪያ አለ። ዕቃው ጥራት የለውም ልል አልችልም። ዲሾቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ክዳናቸው ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ አንድም የተሰነጠቀ አላገኘሁም። ስዋቦቹም ንጹሕ ናቸው፤ አንዱን ከፍቼ ባዶ አጋር ላይ ጠርጌ ሦስት ቀን ባቆየውም ምንም አልበቀለበትም። አጋሩም ደህና ነው፤ ባክቴሪያው በአንድ ሌሊት እንደ ስስ ወተት ተነጥፎ አድሮበታል።

ቅሬታዬ ከሒሳቡ ይጀምራል። እያንዳንዱ ጠርሙስ 125 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 250። ዘጠና ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ በደንብ እንዲሠራ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር አጋር ይፈልጋል። በ18 ሒሳብ ብንቀዳ ለ13 ዲሽ ብቻ ይበቃል። 20 ዲሽ ሰጥቶ የ13 አጋር መስጠት ምን ማለት ነው? ልጆቹ ሰባቱን ባዶ ዲሽ ይዘው ሲያዩኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ቀጭን አድርገን ብንቀዳ ይዳረስ ነበር፤ ግን የአጋሩ ውፍረት ሲለያይ ከተክሉ የሚወጣው ነገር የሚሰራጭበት መጠን አብሮ ስለሚለያይ የአንዱን ዲሽ ልኬት ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ 13 ሠራን፣ ሰባቱን አስቀመጥን።

ሁለተኛው የከፍታው ነገር ነው፤ ይህን ደጋ ላይ ያለ መምህር ሁሉ ልብ ይበልልኝ። መመሪያው «ጠርሙሱን ክዳኑን አላልታችሁ በሚፈላ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ አጋሩ ይቀልጣል» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው የሚኖረው ባሕር ጠረፍ ላይ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደርስም። ሽሮው ይንተከተካል፣ ውኃው ይንፈቀፈቃል፣ ሙቀቱ ግን ከዚያ አያልፍም። አጋር ደግሞ ከ85 ዲግሪ በላይ ካላገኘ አይቀልጥም። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ሙቀቱ እስከ ጠርሙሱ መሐል ዘልቆ ለመግባት ብዙ ጊዜ ይወስዳል። አሥር ደቂቃ ቆይተን ስናወጣው ጠርዙ ቀልጦ መሐሉ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት ጓጉሎ ቀረ። ሃያ ደቂቃ ጨመርን፣ አሁንም ጓል አለው። በመጨረሻ ከቤት ፕሬዠር ኩከሬን አምጥቼ፣ ክዳኑን ላላ አድርጌ ከተትኩት፤ ያኔ ጥርት ብሎ ቀለጠ። ድስቱን በራሱ ጊዜ እንዲበርድ መተው ግን የግድ ነው፤ ግፊቱን ቶሎ ከለቀቁት በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አጋር ገንፍሎ ይወጣል።

ፕሬዠር ኩከሩ እኛ ራሳችን ያዘጋጀነውን ውኃና ወረቀትም ከተሕዋስያን ለማጽዳት ጠቅሞናል፤ እዚህም ላይ ከፍታው ይቆጠራል። ባሕር ወለል ላይ 15 ፓውንድ ግፊት የሚይዝ ድስት ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ መጽሐፍ ሁሉ «121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» የሚለው ለዚያ ነው። እኛ ጋ የውጭው አየር ግፊት ራሱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ያው ድስት 116 አካባቢ ላይ ይቆማል። አምስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ለሙቀት የሚበረታውን የባክቴሪያ ዘር ለመግደል ግን የሚያስፈልገውን ጊዜ ሦስት እጥፍ ታደርገዋለች። እኛ 50 ደቂቃ አቆይተናል። አዲስ አበባም ቢሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬዳዋ ያለ መምህር ግን ይህ ችግር ብዙም አይነካው።

መጀመሪያ ያልገባኝ፣ ሳጥኑ ውስጥ ባክቴሪያ የለም። መመሪያው «እጃችሁን ወይም የበር እጀታ ጥረጉና አሳድጉ» ይላል። እኔ ይህን አላደርግም፣ ሌላም መምህር እንዲያደርግ አልመክርም። ከእጅ ወይም ከአፍንጫ የተጠረገው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ አጋር ላይ ሲያድር ደግሞ ጥቂት የነበረው ሚሊዮን ይሆናል። ደረቅ ሣር በውኃ አፍልቶ የሣር ባሲለስ የሚባለውን ባክቴሪያ ማውጣት የቆየ ዘዴ ነው፤ እኛ አገር ግን የአባ ሰንጋ ዘር በአፈርና በሣር ላይ ዓመታት የሚቆይ ስለሆነ፣ ያም የባሲለስ ዘመድ ስለሆነ፣ ከሜዳ ሣር ባክቴሪያ አሳድጌ ለልጅ አልሰጥም። ዱሮ ያስተማርኩት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ጽፈን ለማስተማሪያ የሚውሉ፣ በሽታ የማያመጡ ሁለት ባክቴሪያዎች ሰጠን፦ ባሲለስ ሰብቲሊስና ኬ-12 የሚባለው የኢ. ኮላይ ዝርያ። መደብሩ ስልክ ላይ «ሁሉም ነገር አለበት፣ ሌላ ምንም አያስፈልግዎትም» ብሎኝ ነበር። ዋናው ነገር ራሱ አልነበረበትም።

የጎደለው ሌላም ነገር ነበር። ሳጥኑን ከሁሉ ይበልጥ የምወቅሰው በዚህኛው ነው፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባክቴሪያውን አጋሩ ላይ በስዋብ እኩል ታዳርሳለህ። ትንሽ ክብ ወረቀት በተክሉ ጭማቂ ነክረህ ላዩ ላይ ታስቀምጣለህ። በማግስቱ ወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ካየህ፣ ከወረቀቱ የወጣ አንድ ነገር ባክቴሪያውን ከልክሎታል ማለት ነው። የቀለበቱን ስፋት በማስመሪያ ከዳር እስከ ዳር ትለካለህ። ሐኪም ቤት ለታማሚ የሚስማማውን መድኃኒት የሚለዩበት ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው።

ጤና አዳሙን፣ ጦስኙን፣ ዳማከሴውን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉንና ቅርንፉዱን ከአንድ ቀን በፊት ወቅጠን ከፋርማሲ በገዛነው አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈን፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥልለነዋል። (አልኮሉን ከእሳት በጣም አርቀን፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው የሠራነው፤ ምድጃው በሚነድበት ቀን አልኮል ጠረጴዛው ላይ እንዲኖር አልፈቀድኩም።) ሳጥኑ ውስጥ መድኃኒት ያለባቸው 10 ዲስኮች ናቸው እንጂ ባዶ ዲስክ የሚባል ነገር የለም። መመሪያውም «የተክሉን ጭማቂ በወረቀት ላይ አድርጉ» ብሎ ያልፋል፤ የትኛው ወረቀት እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ከማጣሪያ ወረቀቱ በቢሮ ወረቀት መብሻ በስተን አወጣን። መብሻው የሚያወጣው ክብ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የመድኃኒቱ ዲስክም ልክ ያው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳሳያቸው ልጆቹ በጣም ደስ አላቸው።

በመጀመሪያው ዙር ልጆቹ ቸኮሉ። ወረቀቱን ጭማቂው ውስጥ ነክረው፣ ሳይደርቅ፣ ገና አልኮሉ እየሸተተ አጋሩ ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ ስንከፍት — ማለቴ ካርቶኑን ስንከፍት እንጂ ዲሹ በፕላስተር እንደታሸገ ነው — ጤና አዳሙ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት! 11 ሚሊ ሜትር። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አንዱ ልጅ «አያቴ ትክክል ናት!» ብሎ ዘለለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ የራሷን ዲሽ ይዛ መጣች። ዲሿ ላይ አራት ወረቀት ነበር። ሦስቱ ተክል ነው፤ አራተኛው በአልኮል ብቻ የተነከረ ነው። ባዶ ወረቀት በአልኮል ብቻ ነክራችሁ አንድ ጥግ ላይ አድርጉ ብዬ ለሁሉም ነግሬ ነበር፤ ያደረገችው ግን እሷ ብቻ ነበረች። «ቲቸር፣ ይኼኛውም ቀለበት አለው» አለችኝ። ማስመሪያውን ተቀብዬ ለካሁት። አሥር ሚሊ ሜትር።

ተክል የሚባል ነገር የሌለበት ወረቀት ነው። ባክቴሪያውን ያራቀው አልኮሉ ነው። ጭብጨባው ቆመ፣ ሁሉም ዲሹን እያነሳ ማየት ጀመረ። በሁለተኛው ዙር ወረቀቶቹን በንጹሕ ዲሽ ውስጥ ዘርግተን፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገን፣ አልኮሉ ተንኖ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አደረቅናቸው፤ በየዲሹም ላይ የአልኮል ብቻ የሆነ ወረቀት አደረግን። ያኔ የአልኮሉ ቀለበት ጠፋ። የጤና አዳሙም አብሮት ሊጠፋ ምንም አልቀረው፦ ባሲለሱ ላይ 8 ሚሊ ሜትር (6ቱ ወረቀቱ ራሱ ነው)፣ ኢ. ኮላዩ ላይ ምንም።

እንግዲህ ሳጥኑን የገዛ መምህር መመሪያውን ብቻ ቢከተል ኖሮ፣ ልጆቹ ጤና አዳም ኃይለኛ ፀረ ባክቴሪያ ነው ብለው ጽፈው፣ ውድድር ላይ አቅርበው፣ ምናልባትም ተሸልመው ነበር። ሐሰት ሆኖ ሳለ። ስምንት ገጽ ውስጥ ስለ ማነጻጸሪያ ወረቀት አንድ መስመር የለም። ወረቀቱ ሳንቲም አያወጣም፣ ቦታ አይዝም። ሃያ ባዶ ዲስክ በትንሽ ፌስታል ጨምሮ «አንዱን በማሟሟያው ብቻ ንከሩ» ብሎ መጻፍ ያቃተው አምራች በእኔ በኩል ከሥራው ዋናውን ትቷል።

ነጭ ሽንኩርቱ ግን አላሳፈረንም። እሱን በአልኮል አልዘፈዘፍነውም፤ ጥሬውን ነው የወቀጥነው። ሳይወቀጥ ነጭ ሽንኩርት ያን ያህል እንደማይሸት ሁላችንም ወጥ ቤት ውስጥ እናውቀዋለን። ሽታው የሚመጣው ሲቆረጥ ነው፤ ምክንያቱም በሕዋሱ ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡት አሊን የሚባለው ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የሚባለው ኢንዛይም የሚገናኙት ያኔ ነው። ሲገናኙ አሊሲን ይሠራሉ፤ ባክቴሪያውን የሚጎዳው እሱ ነው። እነ ካቫሊቶ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡት በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ልጆቹን ወቅጣችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ አልኳቸው። ውጤቱ ባሲለሱ ላይ 24 ሚሊ ሜትር፣ ኢ. ኮላዩ ላይ 19። ከቴትራሳይክሊኑ ቀጥሎ ሰፊው ቀለበት እሱ ነበር። አንዱ ልጅ ከወቀጣ በፊት የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ይዞ መጣ፣ እናቱ ለወጥ ከቀቀለችው። ምንም ቀለበት የለውም። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ስለሚያጠፋው አሊሲኑ የሚሠራበት መንገድ የለም። በዚህ አንድ ዲሽ ላይ ስለ ኢንዛይም ያስተማርኩት ከሰሌዳ ላይ በአንድ ሳምንት ካስተማርኩት ይበልጣል። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ኢንፌክሽን ይድናል ማለት ግን አይደለም፤ አጋር ላይ የፈሰሰ ጥሬ ጭማቂና በሆድ አልፎ በደም የሚዞር ነገር አይገናኙም። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ፤ መድኃኒቱን ትቶ በነጭ ሽንኩርት የሚታከም ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ጦስኙን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ከጣርማ በር አቅጣጫ ካለው ዳገት ለቅመው ያመጡት። የእኛ አገር ጦስኝ ከፍታ ይወዳል፤ ዝናቡ አቁሞ ውርጩ ሳይበረታ ሽታው ክፍሉን ሞልቶት ነበር። በአልኮል የወጣው ባሲለሱ ላይ 15፣ ኢ. ኮላዩ ላይ 11 ሰጠ። እንደ ሻይ አፍልተን የሞከርነው ግን ምንም። ምክንያቱ ጦስኝ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል ዘይታማ መሆናቸው ነው፤ ከአልኮል ጋር ይስማማሉ፣ ውኃ ውስጥ ግን በደንብ አይሟሙም፤ የፈላውም በእንፋሎት ይሄዳል። ክፍሉን የሞላው ያ ሽታ ከሻይው የጎደለው ነው። ቅርንፉዱ በሁለቱም ላይ 13 አካባቢ ሆነ። ባሕር ዛፉ ከዲሽ ዲሽ እየተለያየ አስቸገረን፤ ቁጥሩን አልጽፍም።

ዳማከሴው ላይ ግን ልቤ ተነካ። አንደኛዋ ተማሪዬ አያቷ ቅዳሜ ገበያ ላይ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ጦስኝ በእስር የሚሸጡ ናቸው። ልጅቷ ቅጠሉን ከአያቷ ጓሮ፣ ከነጠሉ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ነበር ያመጣችው። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፤ በሁለቱም ባክቴሪያ ላይ ዜሮ። ወረቀቱ አጠገብ ድረስ ባክቴሪያው ተንሰራፍቶ በቅሏል። ልጅቷ ዲሹን ይዛ ቆማ፣ «እማማ ውሸታም ናት ማለት ነው?» አለችኝ።

አይደለም። አጠገቤ አስቀምጬ ያስረዳኋት እንዲህ ነው። ዳማከሴን ሰው የሚያሸው ለምች ነው፤ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲይዝ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል። ምች ስንል ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ነው፤ እኛ ዲሽ ላይ ያለው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ዲሹ ያልጠየቅነውን አይመልስም። በዚያ ላይ ያለው ነገር አጋሩ ውስጥ ካልተሰራጨ፣ ቢኖርም ቀለበት አይሠራም። የእኛ ዜሮ «በዚህ መንገድ ያወጣነው የዳማከሴ ጭማቂ እነዚህን ሁለት ባክቴሪያዎች በዚህ ዲሽ ላይ አልከለከለም» ከማለት አያልፍም። ይህንኑ ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አያቷን አገኘኋቸው። «እናቴ፣ ዳማከሴዎ ባክቴሪያውን አልገደለውም» ስላቸው ሳቁና «ልጄ፣ እኔ መቼ ባክቴሪያ ይገላል አልኩ? ራስ ምታት ያስታግሳል ነው ያልኩት» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ጥያቄውን ያበላሸነው እኛ ነን። ለልጆቹ የኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት የአክሊሉ ለማን ታሪክ የነገርኳቸው ያን ሳምንት ነው፦ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፣ ለምን ብሎም ጠየቀ። ሴቶቹ እንዶድን የሚያውቁት ለልብስ ነው፤ እሱ ያየው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ሥራው ዓለም አቀፍ ሽልማት አሰጠው።

ስለ ማሞቂያው በአጭሩ። ሳጥኑ «30 ዲግሪ ላይ አሳድሩ» ይላል፤ ኢንኩቤተር የለንም። አንድ ካርቶን ውስጥ አምፖል ሰቅለን ቴርሞሜትር አስገባን፤ ውጪው በኅዳር ሌሊት ውርጭ ነው። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። የጥበቃው አባት ደውለውልኝ ሄጄ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልተን ካርቶኑ ውስጥ ደርድረን፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልለን አሳደርነው። ጠዋት 24 ዲግሪ ላይ ነበር። ባክቴሪያው ዘገየ እንጂ በቀለ፤ በ24 ሰዓት ፋንታ ሁለት ቀን ወሰደብን። 37 ዲግሪ ላይ አለማሳደጋችን ግን ሆን ብለን ነው፤ የሰው አካል ሙቀት የሚስማማው ያልታሰበ ነገር ገብቶ ከሆነ እንዳይበረታ ነው።

ከ13ቱ ዲሽ አንዱን ሻጋታ ያዘው፤ አረንጓዴ፣ ጸጉራም። ልጆቹ እንጣለው አሉ። ዙሪያውን እዩት አልኳቸው። ብዙም ቀለበት አልነበረውም፤ ግን በ1928 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያየው እንዲህ ያለ ሻጋታ የወረረውን ዲሽ እንደሆነ፣ ባይመለከተው ኖሮ ፔኒሲሊንን እንደማያገኝ ነገርኳቸው። አጋሩ ራሱም ወደ ላብራቶሪ የመጣው ከወጥ ቤት ነው፦ በ1881 እ.ኤ.አ. ፋኒ ሄሰ የምትባል ሴት ጄሊ የምትሠራበትን ከባሕር አረም የሚወጣ አጋር ለባሏ ነገረችው፤ ባሏ በባክቴሪያ ተመራማሪው በሮበርት ኮኽ ላብራቶሪ ይሠራ ነበር። ሴቶቹ ተማሪዎቼ ይህን ከሰሙ በኋላ ጠርሙሱን አሳልፈው አይሰጡም።

ማስወገጃው ላይም ሳጥኑ ባዶ ነው። ከረጢት የለው፣ መመሪያ የለው። ዲሾቹን ሳንከፍት ለክተን፣ ፎቶ አንስተን፣ ከጨረስን በኋላ እኔ ብቻዬን ጓንት አድርጌ በረኪና በተቀላቀለ ውኃ ሳፋ ውስጥ እስኪያድሩ ነክሬ፣ ከግቢው ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። ፕላስቲኩ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ስለሚቀልጥ ያንን መንገድ አትሞክሩት።

እንግዲህ ብትጠይቁኝ፣ ሳጥኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ፣ ፕሬዠር ኩከር ለሌለው፣ ደጋ ላይ ባልሆነ ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ ባክቴሪያውንና ባዶ ወረቀቱን ራሳችሁ ካዘጋጃችሁ። ከአምስት ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሁለቱን ለዲሹና ለአጋሩ ጥራት፣ ግማሹን ለስዋቦቹ። ደግሜ አልገዛውም። በምትኩ የምገዛው የአጋሩን ዱቄት ነው። ኑትሪየንት አጋር የሚባለው በአንድ ሊትር ውኃ 28 ግራም ስለሚገባበት፣ የ500 ግራም አንድ ጣሳ ከ17 ሊትር በላይ ይወጣዋል፤ በ18 ሚሊ ሊትር ሒሳብ ከ900 ዲሽ በላይ ማለት ነው። የጣሳውን ዋጋ ጠየቅሁ፤ የሦስት ሳጥን ያህል ነው፣ የሚያዘጋጀው ግን ከሰባ ሳጥን በላይ ነው። ዱቄቱ እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋትና ማንኪያው ደረቅ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከጓጎለ መመዘን አይቻልም። የሚገዛ ሰው ማብቂያ ቀኑን ከቆርቆሮው ላይ ራሱ ያንብብ፤ የእኛ አጋር አራት ወር ብቻ እንደቀረው ያወቅሁት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው፣ የነገረኝ የለም።

ሰባቱ ባዶ ዲሽ አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ እንደታሸጉ። ለሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ዱቄቱን አዝዘናል። ዝምተኛዋ ልጅ ከማጣሪያ ወረቀቱ 200 ክብ በስታ፣ በጃም ብልቃጥ ሞልታ፣ «ባዶ — ማነጻጸሪያ» ብላ በላዩ ጽፋበት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኛለች።